የብር ሥነ ሥርዓት

የእድራችን የጽሕፈት መኪና በሐምሌ አጋማሽ ቀን መጻፍ አቆመች። ቀን ስል «ቀ»ን ማለቴ ነው፤ «ቀ» ከሄደች በኋላ ግን ቀኑም ብዙ አልቆየም።

ጸሐፊው እኔ ነኝና ቀድሜ ማየት ነበረብኝ። አላየሁም። የጎረቤታችን እናት አርፈው ማስታወቂያውን በጥድፊያ ታይፕ አድርጌ፣ በባሕር ዳር፣ በሽምብጥ ሰፈር በኩል ወደ ጣና ሐይቅ በሚያወርደው መንገድ ካለው የመብራት እንጨት ላይ ለጠፍሁት። «የብር ሥነ ሥርዓቱ ዛሬ ከኑ በ9 ሰዓት ይፈጸማል» ይል ነበር። ከዓመት በላይ መዋጮ ያልከፈለ አንድ አባላችን ገና በ8 ሰዓት ተኩል ኮቱን ለብሶ ከች አለ። ድንኳኑን ዙሪያውን ቃኘና ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ «በመዝገቡ ተራ ነው ወይስ እንደ አመጣጣችን?» አለኝ።

መኪናዋ ኦሊቬቲ ናት። ቢሮዎች ወደ ኮምፒዩተር ሲዞሩ በጨረታ ወጥታ በእድሩ ገንዘብ የተገዛች፣ መብራት ቢጠፋ የማትጠፋ። ከ200 በላይ የሆነውን ፊደላችንን 40 ምናምን ቁልፍ ላይ ማስፈር ምን ያህል ራስ እንደሚያዞር፣ ኢንጂነር አያና ብሩ የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ሲፈለስፉ ምን ያህል እንደተጨነቁ የገባኝ አንዷ ፊደል ስትታመም ነው። በእኛዋ መኪና «ቁ» የምትወጣው መጀመሪያ «ቀ» ተመትታ ጭረቷ ሲከተላት ነው። «ቀ» ስትቀር ጭረቷ ብቻዋን ባለቤቱን እንዳጣ ጅራት ተንጠልጥላ ትቀራለች። ድንኳን ለመስፋት አባላትን የጠራሁበት ደብዳቤ «ቁጥር 12» መሆኑ ቀርቶ «ጥር 12» ሆነና አንድም ሰው አልመጣም። በኋላ ስጠይቅ፣ «ለቃና ዘገሊላ ገና ስድስት ወር አለው ብለን ነው» አሉኝ።

ይህ ሁሉ የሚሆነው «ቀ»ን የተሸከመችው ቀጭን የብረት ክንድ ግማሽ መንገድ ትነሣና ወረቀቱ ሳትደርስ ስለምትቆም ነው። ወረቀቱን የያዘው ክፍል ደግሞ ክንዷ አጠገቡ ካልደረሰች ንቅንቅ አይልም። ስለዚህ የጎደለችው ፊደል ባዶ ቦታ እንኳ አትተውም፤ ቀብሩ ጥርት ያለ ብር ሆኖ ይወጣል። በሚቀጥለው ማስታወቂያ ላይ «በስብሰባው የማይገኝ አባል ይቀጣል» ልል «የማይገኝ አባል ይጣል» ብዬ ለጠፍሁ። የት እንደሚጣል አልተጻፈም፤ ሐይቁ ግን ቅርብ ነው። የዚያን እሑድ ወንበር አነሰን።

ለአንዲት ፊደል ሦስት ጊዜ ተሰበሰብን። እኛ ዘንድ የያዘ ነገር ሁሉ መድኃኒቱ ቅባት ነው፦ በር ሲያንቋርር ዘይት፣ ጉልበት ሲይዝ ቅቤ፣ ጉዳይ ሲይዝ ደግሞ የሚቀባው እጅ። ገንዘብ ያዡ ከፀጉር ቤቱ የመቁረጫ ማሽን ዘይት ይዞ መጣ። ጠብ ሲያደርግባት «ቀ» ዘላ ወረቀቱን መታች! ሰውዬው ሁለት ቀን ሙሉ ሰፈሩን ደረቱን ነፍቶ ዞረ። በሦስተኛው ቀን «ቀ» ከበፊቱ ብሳ ተኛች። ቀጥሎ ባለ ባጃጁ የሞተር ዘይት አመጣ፤ እሱም የሁለት ቀን ጀግና ሆኖ ወረደ። የንብረት ክፍሏ እትዬ የኑግ ዘይት አሉ፤ አደረግን። አንድ አዛውንት «ዓይን ነው፤ ጸሐፊው ፈጥኖ ሲጽፍ ሰው እያየው» አሉ። ከሁሉ ምክር ደስ ያለኝ የእሳቸው ነበር።

በመጨረሻ ጋሼን ጠራናቸው። ጋሼ ዕድሜያቸውን የፈጁት ጣሊያን በከፈለው የጦር ካሣ በ1953 ዓ.ም. በተቋቋመው የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ በመካኒክነት ነው። የጣሊያንን መኪና የጣሊያን ካሣ ሊጠግናት ነው ማለት ነው። መጡ፣ ተቀመጡ፣ መነጽራቸውን ጠረጉ፣ መኪናዋን አልነኩም።

«ሲሄድ ነው ሲመለስ የሚይዘው?»

እርስ በርስ ተያየን። ሦስት ስብሰባ ያደረግን ሰዎች ይህን ያየ አልነበረንም።

«ያው ይይዛል፣ ጋሼ» አለ ሊቀመንበሩ።

«ዝም ብሎ መያዝ የለም።»

ቁልፉን በአንድ ጣት ቀስ አድርገው ተጫኑት። «ቀ» ተነሥታ መሐል ላይ ቆመች። ጣታቸውን ሲያነሱም አልወረደችም። ሲሄድም ሲመለስም ነዋ! ክንዷ ጎብጣ ጎረቤቷን ትነካ እንደሆነ ከጎን አዩ፤ አልጎበጠችም። ከሥር ሞላውን አዩ፤ በቦታው አለ። ከዚያ ክንዶቹ ሁሉ ሥራቸውን የተከሉበትን፣ እንደ ማበጠሪያ የተሰነጠቀውን ብረት በትንሽ ጣታቸው ነክተው ወደ አፍንጫቸው ወሰዱት።

«ኑግ» አሉ። ዝም አልን። «የፀጉር ቤት። የሞተር።» እንደገና አሸተቱ። «ይሄ ደግሞ ቅቤ ነው። የተነጠረ። ኮረሪማ አለው።»

ቅቤ በቃለ ጉባኤ አልተመዘገበም። እትዬ ፊታቸውን ወደ ሐይቁ መለሱ።

እንደ ጋሼ አነጋገር ዘይት ፊደል አይፈታም፤ እርጥብ እያለ ያንሸራትታል፣ ሲሰነብት አቧራና የላጲስ ብናኝ ሰብስቦ ሙጫ ይሆናል። እኛ ደግሞ በየሁለት ቀኑ ሙጫ ስንጨምር ከርመናል። «ቤንዚን አምጡ» አሉ። ቤንዚን ይታያችሁ! በዚህ ዘመን ከማር በላይ የሚለመን ነገር። ባለ ባጃጁ በሃይላንድ ጠርሙስ የደበቃትን ሩብ ሊትር ልጁን እንደሚድር አባት እያመነታ አወጣ። «ይሄ የቡና ከሰል ይውጣልኝ» ሲሉ ግን እውነተኛው ክርክር ተነሣ፤ ቡናዋ የዘጌ ናት፣ ገና ሁለተኛ ናት። በድምፅ ብልጫ ከሰሉም ቤቱም እንዲተርፉ ተወስኖ ጀበናው በረንዳ ላይ ወጣ።

የጥርስ ብሩሽ ቤንዚን ነክረው ስንጥቆቹን አንድ በአንድ ያሹ፣ «ቀ»ን ወደ ላይ ወደ ታች ያመላልሷት ጀመር። ከሥር ያነጠፍነው ጨርቅ ላይ ጥቁር ነገር ወረደ። በመርፌ ሲጎረጉሩ ከ«ቀ» ቤት አንዲት የፈንዲሻ ቅርፊት ወጣች፤ የየትኛው ዓመት ስብሰባ እንደሆነች እንጃ። አጥበው አደረቁ፣ አጥበው አደረቁ። በሦስተኛው ቁልፉን ሲጫኑት «ቀ» ጠቅ ብላ ወረቀቱን መትታ፣ ዓይናችን ሳይከተላት ቦታዋ ተመለሰች።

«አሁንስ ምን እንቀባት?» አለ ሊቀመንበሩ።

«ምንም። እዚህ ቦታ በደረቁ ነው የሚሠራው።»

«ምንም?»

«ምንም አልኩህ።»

ሊቀመንበሩ እንዳልተዋጠለት ፊቱ ላይ ያስታውቅ ነበር። የሚሠራ ነገር ያለ ምንም ቅባት ሲሠራ አይቶ አያውቅም።

በማግሥቱ የመጀመሪያውን ንጹሕ ማስታወቂያ ለጠፍሁ፦ «በስብሰባው የማይገኝ አባል ይቀጣል።» ቀብሩም ቀብር ሆነ፣ ቁጥሩም ቁጥር። እሑድ ስንሰበሰብ ከእኛ ከኮሚቴዎቹ ሌላ የመጡት ሰባት ሰዎች ናቸው። ቅጣቱ ስንት ብር እንደሆነ ሁሉም ያውቀዋል፤ ለዓመታትም ሳይከፍለው ኖሯል።

ሊቀመንበሩ ባዶ ወንበሮቹን ሲያይ፣ መኪናዋን ሲያይ ቆየ። ሰው እስኪወጣ ጠብቆ ጠጋ አለኝና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ያ የፀጉር ቤቱ ዘይት የት ገባ?»