«ጌታዬ አይደለህም» ያለው ባሪያ

ሐሙራቢ በተነሳ ቁጥር «የፍትሕ አባት» የሚሉት ነገር አይዋጥልኝም። ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ1792 እስከ 1750 ባቢሎንን የገዛ ንጉሥ ነው። ሕጉን ያስቀረጸበት ጥቁር ድንጋይ ዛሬ ፓሪስ፣ ሉቭር ሙዚየም ቆሟል። መግቢያው ላይ ብርቱው ደካማውን እንዳይበድል አማልክት እንደሾሙት ይናገራል። እሺ። ግን እስቲ ሕጉን በባሪያው ቦታ ሆናችሁ አንብቡት።

«ዓይን በዓይን» የሚለውን ሁላችንም እናውቃለን። እሱ ነፃ ለሆነው ሰው፣ ለጨዋው ነው። የሰውን ባሪያ ዓይን ያጠፋ ወይም አጥንቱን የሰበረ የባሪያውን ዋጋ ግማሽ ይከፍላል፣ በቃ።

አንድ ነገር አልክድም። በዕዳ የተያዘ ሰው ሚስቱን ወይም ልጁን ቢሸጥ ሦስት ዓመት ሠርተው በአራተኛው ነፃ ይወጣሉ ይላል። ለዚያ ዘመን ቀላል ነገር አይደለም፤ የኦሪቱ ሕግ እንኳ ዕብራዊውን ባሪያ ነፃ የሚያወጣው ስድስት ዓመት ካገለገለ በኋላ ነው። የቀን ሠራተኛው ደመወዝ ሳይቀር እንደ ወቅቱ ተተምኗል። ተገዝቶ የመጣው ባሪያ ግን የሚቆጥረው ዓመት የለውም።

እኔን በጣም የሚያመኝ የፀጉር አስተካካዩ ሕግ ነው። ባሪያ የሚለይበት ምልክት ነበረው፤ ብዙ አጥኚዎች የፀጉር አቆራረጥ ዓይነት ነው ይላሉ። ባለቤቱ ሳይፈቅድ ያንን ምልክት የላጨ ፀጉር አስተካካይ እጁ ይቆረጣል። ተታሎ ከሆነና አውቄ አላደረግሁም ብሎ ከማለ እሱ ይለቀቃል፣ ያታለለው ሰው ግን ይገደላል። እስቲ አስቡት፣ አንድ ሰው ምልክቱን ተላጭቶ ሕዝብ መሃል ቢገባ ማንም ከጨዋው እንደማይለየው ሕግ አውጪው ራሱ ያውቅ ነበር ማለት ነው፤ በሁለቱ መካከል የነበረው ልዩነት አንድ ምላጭ የሚያነሳው ነገር ነበር።

የጠፋ ባሪያ ቤቱ የደበቀም ሞት ይፈረድበታል። ይዞ ለመለሰ ሁለት ሰቅል (የጥንት የሚዛን መለኪያ ነው) ብር ይሰጠዋል። «ዘመኑ እንደዚያ ነበር» የሚሉኝ አሉ። ዘዳግም ግን፣ ያውም ባርነትን ያልከለከለ መጽሐፍ ሆኖ፣ ከጌታው የኮበለለውን ባሪያ አሳልፈህ አትስጥ ይላል። ደግሞ ማንም የማይኮበልል ቢሆን፣ ማንም የማይደብቅ ቢሆን፣ ይሄ ሁሉ ቅጣት ለማን ተጻፈ?

የመጨረሻው ድንጋጌ፣ 282ኛው፣ ጌታውን «ጌታዬ አይደለህም» ስላለ ባሪያ ነው። ጌታው ባሪያዬ ነው ብሎ ያስመሰክርበትና ጆሮውን ይቆርጠዋል። ስሙ አልተጻፈም። ያላት ቃል ግን እዚያው ድንጋይ ላይ፣ ከንጉሡ ሕግ ጋር ተቀርጻ አለች።