ተራራውን ለቀቅ አድርጉት!

ሰሞኑን በአንድ የቴሌቪዥን ውይይት ላይ አንድ ተናጋሪ «ኢትዮጵያን ያደኸያት አቀማመጧ ነው» አሉ። ተራራው መንገድ አላሠራ አለን፣ ገደሉ ገበያውን በጣጠሰው፣ ያደጉት ሜዳማ አገሮች ናቸው። መፍትሔያቸውም ልማቱ ሜዳ ሜዳውን ይከተል የሚል ነው። አወያዩ ራሱን ነቀነቀ። «እንዴት?» ብሎ የጠየቀ የለም። እኔ ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ያደጉት ሜዳማ አገሮች ናቸው? ስዊዘርላንድ መቼ ነው ሜዳ የሆነችው? የጃፓን መሬት አብዛኛው ተራራ ነው። የኒጀርና የቻድ መሬት ደግሞ በአብዛኛው ለጥ ያለ ነው። ሜዳ ሀብት የሚያመጣ ቢሆን ኖሮ ኒጀር ዛሬ ለዓለም ታበድር ነበር። ይህን ለማወቅ ሊቅ መሆን አያስፈልግም፤ የተማሪ አትላስ ይበቃል።

በጣም ያናደደኝ ግን ሌላ ነው። እኚሁ ሰው በዚያው ውይይት ስለ ሕዳሴ ግድብ በኩራት ሲናገሩ ነበር። ግድቡን የሰጠን ምን ሆነና? ጣና ከባህር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ግድቡ ጢም ብሎ ሲሞላ የውሃው ከፍታ 640 ሜትር ነው። አባይ በመካከሉ ከ1,100 ሜትር በላይ ይወርዳል። ሜዳ ላይ ውሃ ይተኛል እንጂ ተርባይን አያዞርም።

ጣና በለስን እዩ። የጣና ውሃ በዋሻ ይገባና ከ300 ሜትር በላይ ቁልቁል ይለቀቃል፤ 460 ሜጋ ዋት። ግልገል ጊቤ ሁለት ደግሞ የራሱ ትልቅ ግድብ እንኳ የለውም። ከጊቤ አንድ የወጣው ውሃ በተራራ ሆድ ውስጥ 26 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ወደ ኦሞ ሸለቆ ሲወርድ 420 ሜጋ ዋት ይሰጣል። ያው ውሃ ሁለቴ ይሠራል ማለት ነው። ዝናቡስ ቢሆን? እርጥቡ ነፋስ ወደ ደጋችን ሽቅብ ሲወጣ ይቀዘቅዝና ያለውን ያራግፋል። ግብፅ ከሚደርሰው የአባይ ውሃ 85 በመቶ ገደማው ከእነዚህ «አደኸዩን» ከተባሉት ተራሮች የሚወርድ ነው። ይህን ሁሉ የሚሰጥ መሬት ነው እንግዲህ የሚረገመው።

እርሻውም እንደዚያው ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ ስትጓዝ ጣርማበር ላይ ከፍታው ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ጭጋጉ መኪናውን ይውጠዋል፤ እረኛው ጋቢውን ተከናንቦ ከበጎቹ ጋር ቆሟል፤ ማሳው ገብስ ነው። ደብረ ሲና ላይ ቆሎ በመስኮት ትገዛለህ። ሸዋ ሮቢት ስትደርስ ጃኬትህን አውልቀሃል፤ መንገድ ዳር ሽንኩርትና ማሾ ይጫናል። ይህ ሁሉ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሜዳማ አገር ይህን የአየር ለውጥ ለማግኘት ስንት መቶ ኪሎ ሜትር ይሄዳል? አያቶቻችን ውርጭ፣ ደጋ፣ ወይና ደጋ፣ ቆላ፣ በረሃ ብለው ከፍታውን ለይተው ዘሩ። እኛ ግን ለስንት ዓመት ለደጋውም ለቆላውም ዳፕና ዩሪያ በአንድ ልክ ስናድል ኖርን። እንዲህ አድርገን ስናበቃ ጥፋተኛው ተራራው ሆነ!

እሺ፣ ዳገት ላይ መንገድ መሥራት ውድ ነው። ናዳም አለ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጎፋ ላይ ከ200 በላይ ወገኖቻችንን በናዳ ቀብረናል። ያ ሀዘን ግን ቁልቁለቱን አጥኑ፣ አደጋ ያለበት ቦታ የሚኖረውን ሰው ቀድማችሁ አንሱ ነው የሚለን። ኮንሶዎች ዳገታቸውን በድንጋይ እርከን ከ400 ዓመት በላይ ይዘውታል፤ ዩኔስኮም በ2003 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። የትግራይዋ አብርሃ ወአጽብሃ ተራቁታ ነበር። ገበሬዎቿ እርከን ሠርተው፣ ተፋሰሱን ከልለው መሬቱን መለሱት፤ በ2004 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም የሚሰጠውን የኢኳተር ሽልማት አገኙ። ማንኛቸውም ተራራው ሜዳ እስኪሆን አልጠበቁም።

«ልማቱ ሜዳውን ይከተል» ሲባልስ ማን ነው የሚቀረው? አብዛኛው ሕዝባችን የሚኖረው ደጋና ወይና ደጋ ላይ ነው። ከወባ ሸሽቶ፣ ዝናብ ፈልጎ የሰፈረ ሕዝብ ነው። ምጥ የያዛትን ሴት በቃሬዛ ተሸክሞ ዳገት የሚወርድ ሰው ዛሬም አለ። ለእሱ ምን ልንለው ነው? ቦታህ አይመችም? ጣልያን በወረራው ዘመን፣ በዚያን ጊዜ መሣሪያ፣ ጣርማበርን በስቶ መኪና አሳልፏል። ሊማሊሞን ጠምዝዞ ወጥቶታል። ዛሬ መሐንዲሱም ማሽኑም እያለን «ዳገት ነው» የሚል ሰበብ አልቀበልም። እኚያ ተናጋሪ ተመልሰው ሲጋበዙ ስለ ተራራው ቁመት አይንገሩን። ለደጋ ወረዳዎች ዘንድሮ ስንት ኪሎ ሜትር መንገድ በጀት እንደተያዘ ቁጥሩን ይዘው ይምጡ።