ስለ ፍትሕ በፊልም የሚያስተምር ሾት ይቁጠር

በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ፊልምንና ማኅበራዊ ፍትሕን ከሚያገናኙ ኮርሶች አንዳንዶቹ የሚሰጡት በእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ትምህርት ክፍል ነው። የሥነ ጽሑፍ ሰው ገጸ ባሕርይ መተንተን ያውቅበታል፤ ፊልሙንም እንደ ልብ ወለድ ያነብና ኤዲቲንጉን፣ ማለትም ሾቶቹ (ካሜራው ሳይቋረጥ የቀረጻቸው ቁራጮች) የሚቀጣጠሉበትን መንገድ፣ ያልፈዋል። የዘረኛ ፊልም ዘረኝነት ጉልበት የሚያገኘው ግን እዚያ ነው።

የአሜሪካዊውን ዳይሬክተር የግሪፊዝን «የአንድ ሀገር ልደት» (እ.ኤ.አ. 1915) እንውሰድ። መጨረሻው ላይ የተከበቡ ነጮችና በፈረስ የሚጋልቡ የነጭ የበላይነት አራማጁ ቡድን የኩ ክለክስ ክላን አባላት እየተፈራረቁ ይታያሉ። ተመልካቹን «ምነው በደረሱላቸው!» የሚያሰኘው ይህ መፈራረቅ ነው። የጥቁሮች መብት ተሟጋቹ ኤንኤኤሲፒ ፊልሙን አጥብቆ ተቃወመ፤ ክላን ግን በዚያው ዓመት ጆርጂያ ውስጥ እንደ አዲስ ተቋቋመ። ጥቁሩ ዳይሬክተር ኦስካር ሚሾ በ1920 «በደጃችን ውስጥ» በተባለው ፊልሙ ዘዴውን ገለበጠው፦ በአንድ በኩል ነጮች ጥቁር ባልና ሚስትን በደቦ ፍርድ ይሰቅላሉ፣ በሌላ በኩል አንድ ነጭ ጥቁር ሴት ሊደፍር ይታገላል። ፈረስ የሚጋልበው ለማምለጥ የሚሸሽ ልጅ ብቻ ነው።

ሁለቱን በአንድ ክፍለ ጊዜ፣ ከእያንዳንዳቸው ሦስት ደቂቃ ያህል ወስዶ ማሳየት ይበቃል። ድምፁ ይዘጋ፤ ሙዚቃው ከቅጂ ቅጂ ይለያያል። በሁለተኛው ዕይታ ተማሪው የሾቱን ቁጥር፣ የካሜራውን ርቀት፣ ማን ማንን እንደሚያይና ቀጥሎ ወደ የት እንደሚቆረጥ ይመዝግብ። በሰከንድ መለካት ያሳስታል፦ ድምፅ አልባ ፊልሞች የሚታዩበት ፍጥነት አንድ ወጥ አልነበረም። ስለዚህ ቆጠራው ይሻላል።

ትምህርቱ የሚበላሸው ተማሪው «ፊልሙ ዘረኛ ነው» ብሎ ሲያቆም ነው። ፍርዱ ልክ ነው፤ ትንተናው ግን ገና አልተጀመረም። «የትኛው ሾት ቢወጣ ፈረሰኞቹ አዳኝ መምሰላቸው ይቀራል?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። የግሪፊዝን ሦስት ሰዓት ሙሉውን ማሳየትስ? እኔ አልደግፈውም፤ ጥቁር ተማሪዎችን ለዚያ ሁሉ ስድብ አስቀምጦ የሚገኝ ተጨማሪ ዕውቀት የለም። ለአጭሩም ቢሆን ምን እንደሚታይ አስቀድሞ መንገር ግድ ነው።

የሥነ ጽሑፍ መምህራን በተለይ የሚሳሳቱበት ሌላም ነገር አለ። የሚሾ ፊልም ጠፍቶ ቆይቶ ቅጂው የተገኘው በ1970ዎቹ ስፔን ውስጥ ነው፤ የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በ1993 አደሰው። በሾቶቹ መሃል የሚገቡት የእንግሊዝኛ ጽሑፎች አብዛኞቹ ከስፓኒሽ ተመልሰው የተተረጎሙ ናቸው። እነሱን ቃል በቃል እየጠቀሰ ስለ ሚሾ አጻጻፍ የሚከራከር ወረቀት ወደ ሾቶቹ ይመለስ።