የዋይፋይ አራት ዐይናዎች

ጎንደር ሊቅ ጠፍቶባት አያውቅም። የትርጓሜውን ላይ ቤትና ታች ቤት ለአገር ያበረከተች ከተማ ናት። እኔ ግን ሊቃውንቱ እየተመናመኑ ነው የሚል ስጋት ነበረኝ። በቀደም ስልኬ ሌሊት ራሱን አፕዴት ሲያደርግ አደረ። ጠዋት ፒያሳ ካፌ ቁጭ ብዬ ባየው ዋይፋይ አልይዝ አለ። ያኔ ስጋቴ ለቀቀኝ። ሊቃውንቱ በሽ በሽ ናቸው። ወንበር አጥተው ቆመዋል እንጂ።

እናንተም ታውቋቸዋላችሁ። «ዋይፋይ እምቢ አለኝ» የምትለዋ ቃል ከአፋችሁ ሳትጨርስ ስልካችሁ ከእጃችሁ ይወጣል። ምን ሆነ ብለው አይጠይቁም። ይቀበላሉ። ከዚያ ትርጓሜው ይጀመራል። አንድም ፓስዎርዱ ተሳስቶ ነው። አንድም ራውተሩ ግሎ ነው። አንድም ሲሙ ቆሽሾ ነው። አንድም አፕዴቱ ራሱ ቫይረስ ነው። አንድም፣ ይቺ የመጨረሻዋ ናት፣ ስልኩ ከመጀመሪያውም አይረባም።

እርግጥ ይህ ሁሉ ሊቅ ከሜዳ አልበቀለም። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ዳታ ተቋርጦ በከረመበት ጊዜ ዋይፋይ ያለበትን ሆቴል ደጅ ስንጠና የኖርን ሰዎች ነን። ያኔ የት በረንዳ ላይ ይይዛል፣ የትኛው ጥግ ላይ ይሞታል እየተባባልን ተመርቀናል። ችግሩ፣ ተመርቀን ሥራ አለመፍታታችን ነው።

ስለዚህ በየማዕረጋቸው ላመስግናቸው።

«አጥፍተህ አብራው» የሚለውን ሊቅ አላማውም። ብዙ ጊዜ ይሠራለታል። ስልኩንም ራውተሩንም አጥፍቶ ማብራት ሞኝነት አይደለም። ሞኝነቱ፣ ሲሠራለት ምሥጢሩን የገለጠ ያህል ቀና ብሎ ካፌውን መቃኘቱ ነው። ሳይሠራለት ሲቀር ደግሞ «እንደገና አጥፋው» ይላል። በደንብ አላጠፋኸውም ማለቱ ነው።

የሲሙ ሊቅ ግን ሌላ ነው። መጀመሪያ ከጎን ጠረጴዛ ያለችውን ልጅ «እህት ዓለም፣ ጉትቻሽን አውሺኝ» ይላታል። ልጅቷ ደንግጣ ትፈታለች። በጉትቻው ጫፍ የሲሙን ቤት ይከፍታል፣ ሲሙን ያወጣል፣ እፍ ይልበታል፣ በሸሚዙ ጫፍ ይወለውላል፣ ብርሃን ላይ አንሥቶ እንደ ኤክስሬይ ያየዋል። ሲም የሌለው ስልክም ዋይፋይ እንደሚይዝ ብትነግሩት አይሰማችሁም። መልሶ ይከትተዋል። ጉትቻው ግን ብዙ ጊዜ ለባለቤቷ ሳይመለስ ይቀራል።

ደግሞ «ፋይቭ ጂ የሚለውን ምረጥ፣ አዲሱ እሱ ነው» የሚል አለ። ራውተሩ ላይ 5 ተብሎ የተጻፈው 5 ጊጋኸርዝ መሆኑ፣ ከስልክ ኔትወርኩ ፋይቭ ጂ ጋር ዝምድና እንደሌለው አያስጨንቀውም። 5 ጊጋኸርዙ ፈጣን ነው፤ ግድግዳ ግን አይወድም። 2.4ቱ ቀርፋፋ ነው፤ ራቅ ብሎ ይደርሳል። ድንጋይ በድንጋይ ላይ እየካበ በኖረ ከተማ፣ ከጓዳ ሆኖ 5ቱን የሚመርጥ ሰው ቢያንስ ለቅርሱ ክብር የለውም።

አክሊሉ የሚገባው ግን ለሩዙ ሊቅ ነው።

«ሩዝ ውስጥ ክተተው» አለኝ።

«ውሃ እኮ አልነካውም። አፕዴት አድርጎ ነው።»

«ሩዝ እርጥበት ብቻ መሰለህ እንዴ የሚስበው?»

ሌላ ምን እንደሚስብ አልነገረኝም። ምናልባት አፕዴቱን መልሶ ይስበው ይሆናል። ተከራክሬ ሳልጨርስ ከአጠገቡ ያለው «የቱን ሩዝ?» አለ። ጉባኤው በዚህ ተከፈተ። ጎንደር ላይ የሩዝ ነገር ቀልድ አይደለም። ፎገራ ቅርባችን ናት። አንዱ፣ የፎገራ ካልሆነ ይቅርበት አለ። ረግረግ ላይ የበቀለ እህል ውሃ ለምዷል፣ የለመደውን ይስባል። ሁለተኛው በዚያው ማስረጃ ገለበጠው። ውሃ የለመደ ውሃ ጠግቧል፤ የሚስበው ከውጭ የሚመጣው ነው፣ መርከብ ላይ ደርቆ ከርሟል። ሦስተኛው ዝርያው ይታወቅ አለ። ኤክስ ጅግና ነው ወይስ ሌላ? ኤክስ ጅግና ለእንጀራ እንጂ ለኔትወርክ እንደማይሆን በሙሉ ድምፅ ተወሰነ።

ከወዲያኛው ጠረጴዛ አንድ አዛውንት «ጤፍስ?» አሉ። ጤፍ ደቃቅ ነው፣ በቻርጀሩ ቀዳዳ ይገባል ተባለ። ማሽላ ቀረበ። ማሽላ ደግሞ ይተልቃል፣ በመሃሉ አየር ያሳልፋል ተባለ። ሽምብራ ያለም ነበር፤ እሱን ግን ቆሎ አምሮት ነው ብዬ ጠርጥሬዋለሁ። ከዚያ ወደ ሥርዓቱ ተገባ። ስልኩ በጀርባው ይተኛ ወይስ በፊቱ? ዕቃው ይከደን ወይስ ይከፈት? ሌሊት አድሮ ይውጣ ወይስ ሦስት ቀን ይቆይ? አንዱ ሳምንት አለ። ትንሽ ብንቆይ አርባው ሳይወጣ አይነካ የሚል ይመጣ ነበር። በመጨረሻ አስተናጋጇ ነገሩ ሰልችቷት «ኩሽና ሩዝ አለ፣ ግን ተቀቅሏል» አለች። ሊቁ ዝም ብሎ አሰበ። ያስደነገጠኝ ማሰቡ ነው።

ውሃ ውስጥ ለወደቀ ስልክ እንኳ አፕል ራሱ ሩዝ ውስጥ አትክተቱ፣ ብናኙ ስልኩን ሊጎዳ ይችላል እንደሚል ነገርኩት። «እነሱ ምን ያውቃሉ» አለኝ፣ «ሩዝ አያመርቱም።»

ይህ ሁሉ ሲሆን ከጉባኤው አንድ ሰው እንኳ «ስክሪኑ ምን ይላል?» ብሎ አልጠየቀም። አንድም! በጥንቱ ትምህርት ቤት መጀመሪያ ንባብ ነው፤ ዜማው፣ ቅኔው፣ ትርጓሜው በኋላ ይመጣል። የእኛ አራት ዐይናዎች ንባብ ቤቱን ዘለው ነው ትርጓሜ የገቡት። ስልኩ ስሕተቱን ጽፎ ያሳያቸዋል። እነሱ «እሺ» የሚለውን ተጭነው ጽሑፉን ያጠፉታል። መንገድ የዘጋባቸው ይመስል።

ለነገሩ የሚነበበው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ስልኩ ጭራሽ አልገናኝም ሲል ነው። እንዲህ ሲሆን ጠቡ በስልኩና በራውተሩ መካከል ነው። ዋይፋዩን እርሳው የምትለዋን ተጭኖ ፓስዎርዱን እንደ አዲስ መጻፍ ነው። ሁለተኛው «ተገናኝቷል፣ ኢንተርኔት የለም» የሚለው ነው። ይሄ ሌላ በሽታ ነው። ወይ መስመሩ ራሱ ጠፍቷል፣ ወይ ማታ ከፍታችሁ የረሳችሁት ቪፒኤን መንገድ ላይ ቆሟል፣ ወይ የስልኩ ቀን ተዛብቷል። ከጎናችሁ ያለው ሰው በዚያው ዋይፋይ እየሠራለት ከሆነ መስመሩን አትሳደቡ። ይህን ለማወቅ አንገት ማዞር ይበቃል። ሊቁ ግን አንገቱን አያዞርም፤ ስልካችሁ ላይ ተክሎታል።

የእኔ የመጀመሪያው ዓይነት ነበር። ጉባኤው በማሽላ ሲከራከር ስልኬን ቀስ ብዬ አንሥቼ አስረሳሁት፣ ፓስዎርዱን መልሼ ጻፍኩ፣ ያዘ። የሩዙ ሊቅ አየና «አየህ፣ ሩዝ ስንል ሰምቶ ነው» አለ።

በዚህ ብቻ ቢያበቃ እየሳቅን እንኖር ነበር።

እማማ ጎረቤታችን ናቸው። የእሳቸውም ስልክ አፕዴት አድርጎ ነበር። አንዱ የሰፈር ሊቅ አየውና «አፕዴቱ ቀኑን አበላሽቶታል» አለ። የፈረንጁን ዓመት አይቶ ነው። ዘንድሮ 2018 አይደል? ስለዚህ 2018 ብሎ ሞላላቸው። ሰዓቱንም በእኛ አቆጣጠር አስተካከለው። እማማ መረቁት። ከዚያ ደቂቃ ጀምሮ ዋይፋዩ ተገናኝቷል ይላል እንጂ አንድ ነገር አይከፍትም። ነገሩ ግልጽ ነው። እያንዳንዱ ድረ ገጽ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን የሚል ምስክር ወረቀት አለው። በፈረንጅ 2018 ላይ የቆመ ስልክ ዛሬ የተሰጠውን ወረቀት ሲያይ ጊዜው ገና ነው ብሎ አላምንም ይላል። ክሮም ሰዓትዎ ወደ ኋላ ቀርቷል ብሎ ጻፈ። ዋትስአፕ የስልክዎ ቀን ልክ አይደለም ብሎ ጻፈ። ሊቁ ሁለቱንም «እሺ» ብሎ ዘጋቸው። ከዚያም ስልኩን ይዞ ወደ አንድ ጥገና ቤት ሄደ። እዚያ ያለው ልጅ ስልኩን አላየውም። «ፎርማት» አለ። ገንዘቡን ተቀበለ። ፎርማት አደረገው።

ዋይፋዩ ሠራ! ፎርማት ሲደረግ ቀኑ ራሱ ወደ ቦታው ተመልሷላ። ልጁም ሊቁም ተመሰገኑ። የእማማ ባለቤት ፎቶዎች ግን ጠፉ። ሰውዬው በሕይወት የሉም። ሌላ ቦታ አልተቀመጡም። ሌላ ቦታ እንደሚቀመጥ ማን ነግሯቸው ነው?

በዚህ አልቀልድም። የሰው ስልክ እየነጠቃችሁ ፎርማት የምታደርጉ ሁሉ፣ ምን ዓይነት ድፍረት ነው ይሄ? ቀኑን ወደ አውቶማቲክ መመለስ አንድ ጣት ማስነካት ነው። ጭራሽ ቢቸግር እንኳ ሴቲንግ ውስጥ የኔትወርክ ሪሴት የሚባል አለ። የያዘውን የዋይፋይ ፓስዎርድ፣ የብሉቱዝ ጥንድና የመሳሰለውን የኔትወርክ ማስተካከያ ነው የሚያጠፋው፤ ፎቶ አይነካም። ይህን ለማወቅ ማንበብ ብቻ ነበር የሚጠይቀው። አታውቁም? «አላውቅም» ማለት ነውር አይደለም። «ፎቶ አለዎት ወይ?» ብሎ መጠየቅስ ምን ያስከፍላል? አላነበባችሁም፣ አልጠየቃችሁም፣ ገንዘብ ተቀበላችሁ። እማማ ደግሞ ዛሬም ጥገና ቤቱን ያመሰግናሉ። ፎቶዎቹን ያጠፋው አፕዴቱ ነው ተብለዋላ!

ወደ ምስጋናዬ ልመለስ። አንድ ባለማዕረግ ቀርቶኛል፣ እሱም ራውተሩን የተመዘገበ ስልክ ብቻ እንዲያስገባ ያዘዘው የመሥሪያ ቤት ሰው። እያንዳንዱ ስልክ ማክ አድራሻ የሚባል መለያ አለው። አይፎን ከአይኦኤስ 14፣ አንድሮይድም ከ10 ወዲህ፣ እንዳንታወቅ ብለው እውነተኛውን ትተው የተፈጠረ መለያ እየሰጡ ነው። ስለዚህ አፕዴት ያደረገ ሠራተኛ ጠዋት ቢሮ ሲገባ ራውተሩ አላውቅህም ይለዋል። መፍትሔው ለዚያ ዋይፋይ ብቻ ያንን የዘፈቀደ መለያ ማጥፋት ነው። የእኛ ሰው ግን ደርዘን ሠራተኛ ተሰልፎ ሲጠብቀው መዝገቡን ከፍቶ ሁሉንም እንደ አዲስ ይመዘግባል። በብዕር። ሥራ ይበዛበታል፤ ሥራ ሲበዛ ደግሞ ሰው ይከበራል።

የሁሉም አባት ግን አፕዴት አድርጎ የማያውቀው ነው። ዝም ብሎ ሲያዳምጥ ቆይቶ ማኪያቶውን ይጨርስና «እኔ ነግሬህ ነበር» ይላል። አልነገረኝም። «አፕዴት ስልክ ለማበላሸት ነው የሚልኩት፣ አዲስ እንድትገዛ።» ለዚህ ሰው ባርኔጣዬን አነሣለሁ። እ.ኤ.አ. በ2017 ክራክ የተባለው ቀዳዳ ደብሊው ፒ ኤ 2 በሚባለው የዋይፋይ ጥበቃ ላይ ሲገኝ፣ ስልኮች የተደፈኑት በዚያ በሚጠላው አፕዴት ነው። እሱ አልደፈነም። ካፌ ውስጥ ስልኩን ከፍቶ ሲቀመጥ ከሚጽፈው ያልተመሰጠረውን ሙያው ያለው ጎረቤት እንዲያነብለት የፈቀደ ለጋስ ሰው ነው።

ዋይፋዩ ግን አይቆራረጥበትም። ይህን ሦስቴ ነገረኝ፣ ስልኩንም አሳየኝ። እውነቱን ነው፣ ሙሉ ይዟል። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ወንድም ዓለም፣ የባንኩ አፕ ‹ስልክህ ቆየ፣ ካላደስከው አልከፍትም› እያለኝ ነው። እስኪ ሒሳቡን አንተ በስልክህ ላክልኝና እሰጥሃለሁ።»