ሲያንኮራፋ የነበረው ሰውዬ ቀድሞኝ ቆሞ አጨበጨበ

ገና አሁን ነው የገባሁት፣ ጫማዬን እንኳን አላወለቅኩም፣ ግን ይሄን ሳልጽፍ ብተኛ ጠዋት በደም ግፊት ነው የምነሳው። "እንዴት ነበር?" እያላችሁ ኢንቦክስ የምታጨናንቁኝ ልጆች፣ አንድ በአንድ አልመልስም፣ እዚሁ አፍስሼዋለሁ አንብቡ።

ዛሬ ያየሁት ሚውዚካል፣ ያ ስለ ደም መጣጭ ቫምፓየር በዘፈን የሚተረከው ቲያትር፣ ቀሽም ነው። ያናደደኝ ግን እሱ አይደለም። ቀሽም ነገር ብዙ አይቻለሁ፣ ማንንም ሲገድል አላየሁም። ያናደደኝ ሰዉ ነው። ሰዉ! በእረፍቱ ሽንት ቤት ሰልፍ ላይ ከፊቴም ከኋላዬም የነበሩት ሴቶች በሙሉ "አንቺ ገብቶሻል?" "ምንድነው የሚለው?" "እንውጣ እንዴ?" ሲሉ ነበር፣ እነዚያው ሴቶች፣ ሌላ ሰው አይደሉም፣ አንዷ አረንጓዴ ቀሚስ ነው የለበሰችው መቼም አልረሳትም፣ መጨረሻ ላይ ብድግ ብለው መዳፋቸው እስኪቀላ ያጨበጭባሉ። ባለ አረንጓዴዋ ጭራሽ እንባዋን ትጠርጋለች! ምን አግኝታ ነው የምታለቅሰው? እኔን "የሞተው የትኛው ነው?" ብላ የጠየቀችኝ ሴትዮ እኮ ናት! እኔም አላውቅም ነበር፣ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።

እሺ፣ ስለ ሾው ትንሽ ልበልና ወደ ሰውዬው እመጣለሁ። ሰውዬ አለ። ታገሱኝ።

ቫምፓየሩ ገና ብቅ ሲል "ብቸኛ ነኝ" ብሎ ይዘፍናል። ቀጥሎ ለምን ብቸኛ እንደሆነ ይዘፍናል። ቀጥሎ ልጅቷ መጥታ እሱ ብቸኛ መሆኑ እንደገባት ትዘፍናለች። ከዛ አብረው ሆነው ሁለቱም ብቸኛ እንደሆኑ ይዘፍናሉ። ወንድሜ፣ የሚያስፈራ ሰው እኮ ዝም ነው የሚለው! ቫምፓየር የሚያስፈራው በሆዱ ምን እንደያዘ ስለማይታወቅ ነው። ይሄኛው የሆዱን አንድ ሳያስቀር ዘርግፎልን፣ የልጅነቱን ዘርግፎልን፣ ከእናቱ ጋር የነበረውን ነገር ዘርግፎልን፣ በመጨረሻ አንገቷን ሊነክስ ሲጠጋ "አይዞህ በርታ" ልለው ምንም አልቀረኝም።

ክራንቻውስ! ያንን ነገር አፉ ውስጥ ከትቶ "ስ" ማለት አይችልም። አይችልም በቃ። እና የግጥሙ ደራሲ ማን እንደሆነ እንጃ "ስ" የሌለበት አንድ ስንኝ አልጻፈም። ትልቁ የፍቅር ዘፈን ላይ ፊተኛው ረድፍ ምራቅ እየጠረገ ነበር። ማይኩ ደግሞ ከዚያ ከተገተረው ኮሌታ ጋር እየተፋተገ ክርርርር ይላል፣ ኦርኬስትራው ደግሞ ሁሉንም ውጦታል፣ ስለዚህ ምን እያለ እንደሆነ አንሰማም፣ ብንሰማም ብቸኛ ነኝ ነው የሚለው።

ኮሌታውን ካነሳሁ አይቀር፣ እየተመለስኩ በንዴት ስልኬ ላይ ስጎረጉር ያነበብኩት ነው፣ ያ ኮሌታ እኮ በፊት ሥራ ነበረው! በፈረንጆቹ 1920ዎቹ ድራኩላ የሚባለውን ዝነኛ ቫምፓየር በመድረክ ሲያሳዩ ተዋናዩ ጀርባውን ለተመልካች ይሰጣል፣ ኮሌታው ጭንቅላቱን ይሸፍነዋል፣ ሌሎቹ ተዋንያን ካባውን ይይዙታል፣ እሱ በወለል በር ሹልክ ብሎ ወርዶ ካባው ባዶውን እጃቸው ላይ ይቀራል። አስቡት! ከዚያም በፊት፣ በ1820፣ ለንደን ውስጥ ፕላንሼ የሚባለው ደራሲ ለጻፈው የቫምፓየር ድራማ ብለው በስፕሪንግ ተከፍቶ ወዲያው የሚገጥም በር ሠርተው ነበር፣ ቫምፓየሩ ዓይንህ እያየ ድንገት እልም ይላል። በ1820! መብራት በሌለበት ዘመን! የኛው የዛሬው ሰውዬ ግን በጭስ ነው የሚጠፋው። ጭሱ ይለቀቃል፣ እኛ እንስላለን፣ ጭሱ ሲገለጥ እሱ በግራ በኩል ጎንበስ ብሎ እየሮጠ ይታያል።

የሬሳ ሳጥኑ ነገር ደግሞ ለብቻው ነው። ሁለተኛው ክፍል ላይ ክዳኑ አልከፈት አለ። ሙዚቃው ጀመረ፣ ሰውዬው ከውስጥ መዝፈን ጀመረ፣ ከዘፈኑ የሚሰማው ግን "ህምምም ህምም" ብቻ። ከዛ አንድ እጅ ወጣ። ከዛ ሁለት የሙት መንፈሶች፣ ሚናቸው መንሳፈፍ ነበር፣ መንሳፈፋቸውን ትተው መጥተው ክዳኑን እየታገሉ ፈለቀቁለት። ሳቅኩ። ምን ላድርግ? ሰው ነኝ። ግን ከኔ በስተቀር የሳቀ የለም! አዳራሹ በሙሉ ቀብር ላይ ያለ ይመስል ጭጭ። ከፊቴ ያለው ጭንቅላት በሙሉ ዞሮ አየኝ። እንደዛ አፍሬ አላውቅም፣ ማፈር የነበረበት አናጢው ሆኖ ሳለ።

አሁን ሰውዬው።

በቀኜ የተቀመጠ ሸምገል ያለ፣ ሱፍ የለበሰ፣ ከሚስቱ ጋር። የመጀመሪያውን ክፍል ለሚስቱ ሲተረጉምላት ቆየ፣ "አሁን ሊነክሳት ነው" "አሁን አዘነ" እያለ፣ ልክ እሷ ዓይን እንደሌላት። ሁለተኛው ክፍል ሲጀምር ተኛ። ተኛ ስላችሁ ሸለብ አደረገው ማለቴ አይደለም፣ አንኮራፋ! ጭንቅላቱ ቀስ እያለ መጥቶ ትከሻዬ ላይ አረፈ። ሚስቱን አየኋት፣ አይታ እንዳላየ ሆነች። ያ የሬሳ ሳጥን ትርምስ ሁሉ ሲሆን አልነቃም። ቫምፓየሩ በፀሐይ ሲቃጠል አልነቃም። መጨረሻ ላይ ያ ከበሮና ጸናጽል ሲናጋ ብንን አለ፣ መጋረጃው ሲወርድ አየና ከመላው አዳራሽ በፊት፣ አልዋሽም፣ ከሁሉም ሰው በፊት ብድግ ብሎ "ብራቮ!"

ሰዉም ተከትሎት ተነሳ። በቃ አንድ ሰው ከተነሳ አለቀ፣ ይሉኝታ ነው፣ ከኋላ ያለው ስለማይታየው ይነሳል፣ ከጎን ያለው ሰው ምን ይለኛል ብሎ ይነሳል። እኔ ተቀምጬ አጨበጨብኩ። ተቀምጬም አጨብጭቤያለሁ እኮ! ልብ በሉ፣ አላጉረመረምኩም፣ አልወጣሁም። ሰውዬው ከላይ ወደ ታች አየኝ።

"ልጄ፣ አመመሽ እንዴ?"

"ኧረ ደህና ነኝ።"

"ታዲያ ምነው አትነሺም?"

"ያን ያህል አልወደድኩትም አባቴ።"

"እነዚህ ልጆች እኮ ለፍተዋል! ለሰው ልፋት ትንሽ ክብር አይኖርሽም?"

"እርስዎ እኮ ተኝተው ነበር።"

ይሄን ስለው ሳይደነግጥ፣ ሳያፍር፣ ፀጉሩን እያስተካከለ ምን አለኝ መሰላችሁ?

"እኔ ሙዚቃ የማዳምጠው ዓይኔን ጨፍኜ ነው።"

አፌን ይዤ ቀረሁ። ሚስቱ ደግሞ ጎንበስ ብላ "እሱ ሙዚቃ በደንብ ያውቃል" ትለኛለች። እትዬ፣ ትከሻዬ ላይ እያዳመጠ ነበር እኮ! በዚህ መሃል ባትሪ የያዘችው አስተናጋጅ መጣች፣ "ችግር አለ?" ስትል ሰውዬው እኔን ቀድሞ "የለም የለም፣ ልጅቷ ቲያትር ስታይ የመጀመሪያዋ ይመስለኛል፣ ቅድምም ስትስቅ ነበር" አላት። ቅድም ስትስቅ! ተኝቶ አልነበር? በህልሙ ነው የሰማኝ? አስተናጋጇም ባትሪዋን ዝቅ አድርጋ በሐዘኔታ እያየችኝ "አይዞሽ፣ መጀመሪያ ላይ ብዙ ሰው ይከብደዋል" አለችኝ። እኔን! ባገኘሁት ትርፍ ሳንቲም ሁሉ ቲያትር የምገባውን!

ከዚህ በኋላ ያለው ነው የባሰው። በቃ መሄድ ፈለግኩ፣ ቦርሳዬን አንስቼ ለመውጣት ተነሳሁ። ለመውጣት ነው የተነሳሁት። ሰውዬው ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝና፦

"ጎሽ! እንዲህ ነው እንጂ!"

ደሜ ፈላ። በዚያ ሁሉ ሰዓት አዳራሹ ውስጥ የተንቀሳቀሰ ደም ቢኖር የኔ ብቻ ነው። ተነስቶ ከሚያጨበጭብ ሰው መሃል መውጫ ስለሌለ ደግሞ እዛው ቆሜ ቀረሁ፣ ተዋንያኑ ሶስተኛ ጊዜ ወጥተው እጅ ሲነሱ እኔም በአድናቆት እንደቆመ ሰው ተቆጠርኩ። ያ ቫምፓየር እኔን እያየ እጁን ልቡ ላይ አደረገ። አያገባኝም!

አሁን እስቲ ንገሩኝ፣ ቆሞ ማጨብጨብ ምን ቀረው? ድሮ እኮ ለየት ላለ ነገር ነበር። አሁን መብራት ሳይጠፋ ከተጠናቀቀ ይቆምለታል። ባለፈው ያ የሁለት ሰው ድራማ ላይ ተዋናዩ ቃሉ ጠፍቶት ከመጋረጃ ጀርባ ሲነገረው ሁላችንም ሰምተናል፣ ለሱም ቆመዋል። ከፊት ለፊቴ ስልኩን ከፍቶ ሙሉውን የቀረጸው ሰውዬም ያኔ ነው፣ ማንም አንድ ቃል አልተናገረውም፣ እሱ አላስቸገረም፣ ያስቸገርኩት እኔ ነኝ የሳቅኩት። የከረሜላ ላስቲክ ቀስ እያደረጉ የሚፈቱትንማ ተዉኝ። ቀስ ሲሉት እኮ ነው የሚረዝመው! አንዴ ቀዳችሁ ገላገሉን!

የግሩፓችን ጠበቆች ደግሞ "ቫምፓየርና ዘፈን ድሮም አይሄድም፣ ምን ጠብቀሽ ነው" ብላችሁ እንዳትመጡብኝ። ይሄዳል። በ1997 በፈረንጆቹ ቪየና ውስጥ ፊልም ሠሪው ፖላንስኪ ያዘጋጀው፣ ጂም ስታይንማን ሙዚቃውን የሠራው የቫምፓየር ሚውዚካል ተከፍቶ ሰዉ ወዶት በስንት አገር ዞሯል። ቦኒ ታይለር በ1983 የዘፈነችውን ያንን ሁላችሁም የምታውቁትን "ቶታል ኤክሊፕስ ኦፍ ዘ ሃርት" የሚለውን ዘፈኑን ስታይንማን እዛው ውስጥ ከቶታል። ይሄው ሥራ የኒውዮርኩ የቲያትር ሰፈር ብሮድዌይ ሲደርስ ግን ነካክተው ነካክተው ቀልድ አደረጉት፣ በታህሳስ 2002 ተከፍቶ በጥር መጨረሻ ተዘጋ፣ 56 ጊዜ ብቻ ታይቶ። ማይክል ክሮፎርድን የሚያህል ሰው እየተወነበት! በ2004 ደግሞ ድራኩላን ሚውዚካል አድርገው አመጡ፣ እሱም በ2005 መግቢያ ተሰናበተ። በ2006 ኤልተን ጆን ራሱ ሞከረው፣ ሌስታት የሚባል የቫምፓየር ሚውዚካል፣ 39 ጊዜ ብቻ ታየ! ኤልተን ጆን እኮ ነው ያልኳችሁ፣ ዜማ ያጥረዋል የሚባል ሰው አይደለም።

እና ይሄን ሳነብ ምን ተሰማኝ መሰላችሁ፣ ቅናት። እነዚያ ተመልካቾች ቢያንስ ሐቀኛ ነበሩ። አልወደዱትም፣ ትኬት አልገዙም፣ ተዘጋ፣ አለቀ። ጭራሽ የድራኩላ ደራሲ ብራም ስቶከር ራሱ ለንደን ላይሲየም ቲያትር ሥራ አስኪያጅ ነበር፣ ድራኩላ መጽሐፉ ሊወጣ ሲል በ1897 እዚያው መድረክ ላይ ሲያስነብበው አለቃው ሄንሪ ኧርቪንግ እንዴት አገኘኸው ቢባል "አስቀያሚ" ብሎ ሄደ ይባላል። አለቃው! ፊት ለፊት! ስቶከርም አልሞተም፣ መጽሐፉም አልሞተም። እኔ ግን መቀመጫዬ ላይ ዝም ብዬ ስለተቀመጥኩ የሰው ልፋት የማላከብር ሆንኩ።

ልፋት ልፋት የምትሉኝም። ለፍተዋል። ያቺ የልጅቷን እናት ሆና የተወነችው፣ ሁለት ትዕይንት ብቻ ያላት፣ ምንም ሳትዘፍን በሩን ስትዘጋ ፀጉሬ ቆሟል። በዚያ ምሽት የፈራሁት ያኔ ብቻ ነው። እሷን ለብቻዋ ቢያወጧት ወንበሩ ላይ ወጥቼ ነበር የማጨበጭበው። ግን ለሷም ለሬሳ ሳጥኑም እኩል ከቆማችሁ እሷ በምን ታውቃለች ጎበዝ መሆኗን? እሷን ነው እኮ የበደላችኋት!

በ1927 ድራኩላ ለንደን ሲታይ ተመልካች ቢወድቅ ብለው ነርስ አስቀምጠው ነበር። ለማስታወቂያ ነው አውቃለሁ፣ ግን ቢያንስ ሰው ይደነግጣል ብለው አስበዋል። ዛሬ ነርስ ብታስፈልግ የጎረቤቴን ጭንቅላት ቀና ለማድረግ ነበር።

አሁን ደግሞ ፌስቡክ ስከፍት ከፊቴ ተቀምጣ የነበረች የማውቃት ልጅ በእረፍቱ ወጥታ ቀረች እኮ፣ በዓይኔ ነው ካፖርቷን ስትለብስ ያየኋት፣ ፕሮግራሙን ይዛ የተነሳችውን ፎቶ ለጥፋ "ቃላት የለኝም፣ ልዩ ምሽት" ብላለች። ቃላትማ ከየት ይመጣል፣ ግማሹን አላየሽውም! ላይክ አድርጌላታለሁ፣ ምን ላድርግ፣ የሥራ ባልደረባዬ ናት።

በሉ ደክሞኛል፣ ነገ ሥራ አለ። ኮመንት ላይ "ግን እኮ መብራቱ ያምራል" የምትሉ ልጆች፣ አዎ መብራቱ ያምራል፣ ሌላ የሚታይ ስላልነበረ እሱን ሳይ ነው ያመሸሁት። የሌሊት ወፎቹን ጭፈራ ግን ማንም እንዳያነሳብኝ። እሱን ነገ ራሱን አስችዬ እጽፈዋለሁ።