መኪናዬ ቁልቁለት ስለምትወድ አይደለም፤ አየር ገብቶባት ነው!

እጄ ናፍጣ ናፍጣ እየሸተተ ነው የምጽፈው። ሦስት ጊዜ በሳሙና ታጠብኩ፣ አልለቅ አለኝ። ይሁን። ሳይበርድልኝ ልጻፈው።

ያቺ ነጭ ሃይሉክስ መኪናዬ ዛሬ ተሠርታ ተነሳች። ከ12 ቀን በኋላ! በምን መሰላችሁ? በአንድ ስንዝር የጎማ ቱቦና በሁለት የብረት ማሰሪያ። እዚያ እስክደርስ ግን 33,500 ብር ከኪሴ ወጥቷል። ባትሪ 14,500፣ ያገለገለ ሞተሪኖ (ሲነሳ ሞተሩን የሚያዞረው) ከሱማሌ ተራ 16,000፣ የእጅ 3,000። አንዱም አያስፈልግም ነበር። አንዱም!

የሚያበግነኝ ምልክቱ ፊት ለፊት መታየቱ ነው። ሌሊት 11 ሰዓት ለሱቆች የማደርሰው እንጀራ ተጭኖ አልቋል። ቁልፍ አዞራለሁ፣ የማሞቂያ ካንዴላው መብራት እስኪጠፋ እጠብቃለሁ፣ ከዚያ ግር ግር ግር። ሞተሩ በጉልበት ይዞራል፣ ግን አይነሳም። ወንድሜን ከኋላ ማርሚታውን፣ የጢስ መውጫውን፣ እንዲያይልኝ አቆመዋለሁ። ጢስ የለም። ነጩም ጥቁሩም የለም። የሰፈር ልጆች ገፍተው ቁልቁለቱን ሲያወርዷት ግን ትንሽ ተንገራግጣ ትነሳለች። አንዴ ከተነሳች ደግሞ ቀኑን ሙሉ አጥፍቼ ባስነሳት ችግር የለባትም።

አባቴ ሹፌር ነበር፤ ይሄን ነገር ያስተማረኝ ገና ልጅ ሳለሁ ነው። ናፍጣ ሞተር እንደ ቤንዚኑ በብልጭታ አይነሳም። አየሩን ይጨምቀዋል፣ የእኔዋ ከ20 እጥፍ በላይ ነው የምትጨምቀው፣ አየሩ ይግላል፣ ናፍጣው እዚያ ላይ ሲረጭ ይቀጣጠላል። ብርድ ሲሆን ካንዴላው ያሞቅለታል። እዚህ ሽሮ ሜዳ ደግሞ የኅዳር ሌሊት ምን እንደሚመስል ታውቁታላችሁ። ስለዚህ ሞተሩ ዳተኛ ሆኖ ቀስ እያለ የሚዞር ከሆነ ባትሪውን፣ የባትሪውን ጫፎችና ሞተሪኖውን ታያለህ። በደንብ እየዞረ ነጭ ጢስ ካወጣ ናፍጣው ደርሷል፣ ያልነደደው ሙቀት አጥቶ ነው፤ ካንዴላውን ታያለህ። ጢስ ጭራሽ ከሌለ ናፍጣው አልደረሰም ማለት ነው። በቃ! ናፍጣው የት እንደቀረ ትፈልጋለህ። ባትሪ ምን ቤት ነው?

ይሄን ሁሉ ለመካኒኩ ነገርኩት። ጋራዡ ውስጥ ቆሜ፣ በትሕትና፣ አንድ በአንድ። አንድ ነገር ጨመርኩለት። «ማታ አፍንጫዋን ወደ ዳገቱ አድርጌ ካቆምኳት ጠዋት አትነሳም። ወደ ቁልቁለቱ አዙሬ ካቆምኳት ግን ወዲያው ትነሳለች» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ ወደ ወንድሜ ዞረ። ወንድሜ 19 ዓመቱ ነው፣ መንጃ ፈቃድ የለውም፣ የመጣው ከጋራዥ በኋላ የጤፍ ኬሻ ሊያግዘኝ ነው።

«ብሮ፣ የእህትህ መኪና ቁልቁለት ትወዳለች!»

ሳቀ። ረዳቱ ሳቀ። ጎሚስታው ሳይቀር የያዘውን ጎማ ለቆ ሳቀ።

«ስትቆም ናፍጣው ወደ ታንከሩ እየተመለሰ እንዳይሆን ነው የምልህ። አየር የሚያስገባ ቦታ ይኖራል» አልኩት።

«ሲስቱ፣ አንቺ እንጀራሽን ጋግሪ። ሞተሩን ለእኛ ተዪው።»

ፊቴ እንደ ምጣድ ጋለ። እንጀራ ጋግሬ ነው ያንተን የእጅ የምከፍለው! ይሄን ግን ያኔ አላልኩትም። ሁልጊዜ መልሱ የሚመጣልኝ ታክሲ ውስጥ ከተቀመጥኩ በኋላ ነው።

ጋራዡ ግድግዳው ላይ የቮልት መለኪያ ቴስተር ተሰቅሏል። አቧራ ጠጥቷል። ሙሉ የሆነ ባትሪ ቆሞ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል፤ ሞተሩ ሲዞር ስንት እንደሚወርድ ደግሞ ያን ጊዜ ይታያል። ጠቅላላው የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። አልለካም። «ባትሪሽ ሞቷል» አለ። ተቀየረ። ጋራዡ ሜዳ ላይ ነው፣ እዚያ ተነሳች፣ «አላልኩሽም?» አለኝ። በማግስቱ ሌሊት ያው ግር ግር። ተመለስኩ። «ሞተሪኖ ነው» አለ። በጉልበት የሚያዞር ሞተሪኖ! ተቀየረ። ያው ሆነ። ሦስተኛው ላይ «የናፍጣ ፖምፓው ይውረድ» ሲል ቁልፌን ተቀብዬ ወጣሁ።

ማቀዝቀዣዬንስ የሠራው ሰው? እሱም እንዲሁ ነበር። መጀመሪያ ይቀይራል፣ ከዚያ ያስባል። በመጨረሻ የተገኘው የላላ ሶኬት ነው። ክረምት ላይ ናፍጣው ውኃ ነበረበት ስል «ዝናብ ሞተር ውስጥ አይገባም» ያለኝም መካኒክ ነበር። የናፍጣ ማጣሪያው፣ ፊልትሮው፣ ስር ያለውን ቡሎን ፈታ አድርጌ በብርጭቆ ውኃውን ቀድቼ ሳሳየው ዝም። ለምንድነው የተናገርኩትን ለመስማት መጀመሪያ በብርጭቆ ማሳየት ያለብኝ?

በእነዚህ 12 ቀናት ሁለት ሱቆች ሌላ እንጀራ አምጪ ያዙ። አልፈርድባቸውም። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ደንበኛ እንጀራ ይፈልጋል እንጂ የእኔን ምክንያት አይፈልግም።

ዛሬ ጎረቤታችን ጋሼ ናቸው የደረሱልኝ። የአሰብ መንገድ የከባድ መኪና ሹፌር ነበሩ። «እስቲ ክፈቺው ልጄ» አሉኝ። ዳገትና ቁልቁለቱን ስነግራቸው አልሳቁም። «ጎሽ፣ ነገሩን ጨርሰሽዋል እኮ» አሉኝ። እንባዬ መጣ፣ እውነቴን ነው።

ወደ ፖምፓው በሚገባው መስመር ላይ አንድ ቁራጭ ብርሃን የሚያሳልፍ የፕላስቲክ ቱቦ አስገቡ። ፊልትሮው አናት ላይ ያለውን የእጅ መግፊያ ተጫን አሉት ወንድሜን። ተጫነ። በቱቦው ውስጥ አረፋ መጣ። እንደ ጠጅ፣ ፍልቅ ፍልቅ እያለ። ከዚያ መስመሩን ወደ ኋላ በጣታቸው እየዳበሱ ሄዱ። ከታንከር መጥቶ ፊልትሮ ጋ የሚገባው የጎማ ቱቦ፣ ልክ ከማሰሪያው ስር፣ ተሰነጣጥቋል። እኔም ጣቴን አሳለፍኩበት፤ ረጥቧል። ቁልቁል ስትቆም ታንከሩ ከፍ ስለሚል ናፍጣው ይመጣል። ዳገት ላይ ስትቆም ናፍጣው ወደ ኋላ ይሸሻል፣ በዚያች ስንጥቅ አየር ይገባል፣ ጠዋት ፖምፓው የሚያገኘው አየር ብቻ ነው። ያልኩት ይሄን ነበር! በዚሁ አፌ!

አዲስ ቱቦ ገባ። መግፊያው ለእጅ እስኪጠነክር ተጫነ። ግር... ተነሳች። አፍንጫዋ ወደ ዳገት እንደዞረ።

ወዲያው ጋራዥ ደወልኩ። «አሮጌው ባትሪዬና ሞተሪኖዬ የት አሉ?» አልኩት። «አሮጌ ዕቃ ለጋራዡ ነው የሚቀረው» አለኝ። በየት አገር? ማን ነገረኝ? የሚሠራ ሞተሪኖ ነው! አሁን የማን መኪና ላይ «ያገለገለ» ተብሎ እንደሚገባ እግዜር ይወቅ።

ነገ እንጀራውን እንዳደረስኩ ቀጥታ ወደዚያ ነኝ። የተሰነጠቀውን ቱቦ በፌስታል ይዤለት እሄዳለሁ። ጎሚስታው ፊት ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣለሁ። ሞተሪኖዬን ሳልይዝ አልወጣም።