የሳፋሪው ፍጥነት በአያት ጉልበት ይለካ

ከአንድ አስጎብኚ ድርጅት የመጣልን የታንዛኒያ ሳፋሪ፣ የዱር እንስሳት ጉብኝት፣ ፕሮግራም ስድስት ሌሊት፣ አራት ካምፕ ይላል። ታራንጊሬ፣ ማንያራ ሐይቅ፣ ንጎሮንጎሮ፣ ሴሬንጌቲ። በየማለዳው ሻንጣ መሸከፍ ነው። በየቀኑ ረጅም መንገድ ነው። የምንሄደው ስምንት ሰዎች ነን። እናቴ 74 ዓመቷ ነው። ትንሿ የእህቴ ልጅ ደግሞ ገና ስድስት ሞላት። እናቴ መነጽሯን አድርጋ ፕሮግራሙን እስከ መጨረሻው አነበበችው። ከዚያ «እናንተ ሂዱ፤ እኔ ፎቶውን አያለሁ» አለች።

ይህን መልስ የሰማ ቤተሰብ ብዙ ይመስለኛል። ብዙ ጊዜም አንከራከርም። «በዚህ ዕድሜዋ ምን አንገላታት?» ብለን እናልፈዋለን። እኔ ግን ሌሊቱን ሳስበው አንድ ነገር ገባኝ። እናቴ ያልፈለገችው ሳፋሪውን አይደለም፤ ሩጫውን ነው። በማግስቱ ፕሮግራሙን ትተን እንደ አዲስ ሠራነው። ታራንጊሬ ሦስት ሌሊት፣ መሐል ሴሬንጌቲ አራት ሌሊት፣ በቃ። እናቴም መጣች።

አቋሜን ልናገር። ሦስት ትውልድ አብሮ ሳፋሪ ሲወጣ ፍጥነቱን መወሰን ያለባት በዕድሜ ትልቋ ናት። ይህ ለአዛውንት የሚደረግ ችሮታ አይደለም። በዝግታ የሚሄድ ሳፋሪ ለሁሉም የተሻለ ሳፋሪ ነው። ስልኩን ከእጁ ለማይለየው የ15 ዓመት ልጅም ጭምር።

ምክንያቱ እንስሳቱ ራሳቸው ናቸው። አንበሳ በቀን እስከ 20 ሰዓት ይተኛል። ሾፌሮች በሬዲዮ ተጠራርተው አንድ ዛፍ ሥር ይሰበሰባሉ። ቱሪስቱ የተኛ አንበሳ ፎቶ አንስቶ በአምስት ደቂቃ ይሄዳል። የሚቀረው መኪና ነው ሁሉን የሚያየው። ግልገሎቹ ሲነሱ፣ የእናታቸውን ጭራ ሲነክሱ፣ እሷ በመዳፏ ገፋ ስታደርጋቸው። እኛ አንድ ከሰዓት ሁለት ሰዓት ሙሉ አንድ ቦታ ቆመናል። ስድስት ዓመቷ ልጅ በመሐል ተኝታ ነቃች። የ15 ዓመቱ ወንድሟ ስልኩን ኪሱ ከተተ። ማንም «አስቀምጠው» አላለውም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ሳፋሪ ላይ በደንብ ይሠራል።

«ሳፋሪ» በስዋሂሊ ጉዞ ማለት ነው። ዘመድ ጥየቃ መሄድም ሳፋሪ ነው። ቱሪስቱ በእጁ ይዞት የሚዞረው የ«አምስቱ ታላላቆች» ዝርዝር ግን የአዳኞች ነው። አንበሳ፣ ነብር፣ ዝሆን፣ አውራሪስና ጎሽ የተመረጡት በእግር ሲያድኗቸው ከሁሉ አደገኛ ስለነበሩ ነው። ልጆች ይህ ዝርዝር እጃቸው ሲገባ ቀኑ ወደ ፈተና ይለወጣል። «አውራሪስ አላየንም» እያሉ ቀጭኔውን ያልፉታል። ዝርዝሩ ባይሰጣቸው እመርጣለሁ። ስድስት ዓመቷ ልጅ ከሁሉ አስበልጣ የወደደችው ኩበት የምታንከባልለዋን ጢንዚዛ ነው። ቀጥሎ ጭራውን እንደ አንቴና አቁሞ የሚሮጠውን ከርከሮ።

ሐሳቤን ያጸናልኝ ግን ታራንጊሬ ነው። ፓርኩ በዝሆን የታወቀ ነው። የዝሆን ቤተሰብ የሴቶች ነው። የምትመራው በዕድሜ ትልቋ ናት። ሴት ልጆች ዕድሜያቸውን ሙሉ ከእናትና ከአያት ጋር ይኖራሉ፤ ወንዶቹ ለአቅመ ዝሆን ሲደርሱ ይወጣሉ። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1993 እዚያ ከባድ ድርቅ ገባ። ተመራማሪዎች ይከታተሏቸው ከነበሩ 81 ግልገሎች 16ቱ በዘጠኝ ወር ውስጥ ሞቱ። በደህና ጊዜ ከመቶ ሁለት ያህል ነበር የሚሞተው። ሞቱ ግን ለሁሉም ቤተሰብ እኩል አልደረሰም። አንዳንዶቹ ፓርኩን ለቀው ውሃና ሣር ወዳለበት ሄዱ፤ ብዙ ግልገልም አልሞተባቸውም። በፓርኩ ውስጥ የቀሩት ናቸው በብዛት ያለቀባቸው። ልዩነቱን ተመራማሪዎቹ ያገኙት ከአሮጊቶቹ ዘንድ ነው። የሄዱት ቤተሰቦች ከ1958 እስከ 1961 የነበረውን ድርቅ ያዩ ሴቶች ነበሯቸው። የቀሩት አልነበሯቸውም። አዳኞች ቀደም ብለው ገድለዋቸዋል።

አስጎብኚያችን ይህን የነገረን አንድ መንጋ ከአሸዋ ውስጥ ውሃ ቆፍሮ ሲጠጣ እያየን ነው። እናቴ ዝም ብላ ሰማች። ከዚያ «ለምን አሮጊቶቹን?» ብላ ጠየቀች። አዳኞቹ የሚፈልጉት የዝሆን ጥርስ ዕድሜ ልክ ያድጋል፣ ከሴቶቹ ትልቁ ጥርስ ያለው አሮጊቶቹ ዘንድ ነው አላት። ልጆቹ ሁሉ ወደ እናቴ ዞረው አዩ። ማንም አላዘዛቸውም። ያን ዕለት ማታ ልጆቹ ስለ ልጅነቷ፣ ስለ ችግር ዘመን፣ ማን ወዴት እንደ ሸሸ ሲጠይቋት አመሹ። እኔ በ40 ዓመቴ ሰምቼው የማላውቀውን ነገር እዚያ ድንኳን ፊት ሰማሁ።

ወደ ተግባሩ እንምጣ፤ መልካም ሐሳብ ብቻውን ወገብ አያድንም።

መኪናው ላይ አትቆጥቡ። የራሳችሁ መኪና ያስፈልጋችኋል። ከማያውቋቸው ሰዎች ጋር የተሳፈረች አያት «ሽንት ቤት» ለማለት ታፍራለች፤ ልጅ ሲያለቅስ እናት ትሳቀቃለች። በምሥራቅ አፍሪካ የሚሠራበት ጣሪያው የሚነሳ ላንድክሩዘር ነው። በደቡብ አፍሪካና በቦትስዋና ብዙ ሎጆች በሁሉም ጎን ክፍት የሆነ፣ ወንበሩ እንደ ደረጃ ከፍ እያለ የሚሄድ መኪና ይጠቀማሉ። እሱ ላይ መውጣት ለታመመ ጉልበት ትልቅ ሥራ ነው። ደረጃ ወይም በርጩማ እንዳላቸው አስቀድማችሁ ጠይቁ። ወገቧን የሚያማት ሰው ከኋላ ጎማ በላይ አትቀመጥ።

ገንዘብ ካጠረ ካምፕ ቀንሱ። ከቦታ ቦታ መዘዋወር እኮ ራሱ ወጪ ነው። የኬንያውን ማሳይ ማራ ለምሳሌ ውሰዱ። ከ2024 ወዲህ ከጁላይ እስከ ዲሴምበር የውጭ አገር አዋቂ ጎብኚ በቀን 200 ዶላር መግቢያ ይከፍላል። ግማሹን ቀን ሻንጣ ስትጭኑና ስታወርዱ ብታሳልፉም ክፍያው ያው ነው። መንገዱም ቀላል አይደለም። ከናይሮቢ ማራ በመኪና አምስት ስድስት ሰዓት ይፈጃል፤ በትንሽ አውሮፕላን አንድ ሰዓት አይሞላም። እኛም ወደ ሴሬንጌቲ የበረርነው ለእናቴ ወገብ ብለን ነው። በእነዚህ አውሮፕላኖች አብዛኛውን ጊዜ የሚፈቀደው 15 ኪሎ ነው፤ ሻንጣውም ለስላሳ መሆን አለበት። ምርኩዝ ወይም የሚታጠፍ ተሽከርካሪ ወንበር ካለ ቀድማችሁ አሳውቁ።

የልጆች ዕድሜ ላይ ብዙ ቤተሰብ ይሳሳታል። በደቡብ አፍሪካ ብዙ የግል ሎጆች ከስድስት ዓመት በታች ያለ ልጅ ክፍት መኪና ላይ አያወጡም። በክሩገር ፓርክ ከጠባቂ ጋር በእግር ለመሄድ 12 ዓመት መሙላት ግድ ነው። በሩዋንዳና በኡጋንዳ ጎሪላ ለማየት 15። ሳይከፈል በፊት ይጠየቅ። የሩዋንዳው የጎሪላ ፈቃድ ለአንድ ሰው 1,500 ዶላር ነው፤ በር ላይ ደርሶ ልጅን መመለስ ልብ ይሰብራል።

ሐኪም ጋ ከጉዞው ስድስት ሳምንት ያህል ቀድማችሁ ሂዱ፤ ሁላችሁም፣ አንድ ላይ። የወባ መከላከያው ለሁሉም አንድ አይደለም፤ ዶክሲሳይክሊን ከስምንት ዓመት በታች ላለ ልጅ አይሰጥም። የቢጫ ወባ ክትባት ከ60 ዓመት በላይ ሆኖ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚወስድ ሰው ሐኪሙን በደንብ ማማከር አለበት። ጨቅላ ወይም ነፍሰ ጡር ካለች ወባ የሌለበትን ምረጡ። የደቡብ አፍሪካዎቹ ማዲክዌና ፒላንስበርግ ወባ የለባቸውም፤ አንበሳም ዝሆንም አላቸው። ታራንጊሬ የምትሄዱ ደግሞ ጥቁርና ሰማያዊ ልብስ አትልበሱ። የቆላ ዝንብን ይስባል። የእህቴ ባል በመጀመሪያው ቀን በደንብ ተነክሶበታል።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ እቃወማለሁ። አያትን ሞግዚት ማድረግ። አንዳንድ ወላጅ ሌሊት 11 ሰዓት ተኩል ተነስቶ እንስሳ ለማየት ይወጣል፤ ልጆቹን ከአያት ጋር ካምፕ ጥሎ። «ከልጅ ልጆቿ ጋር ብትሆን ደስ ይላታል» ይላል። ደስ ይላት ይሆናል። ግን ነብሩን እሷም ማየት ትፈልጋለች። እኛ ተራ ገባን። አንድ ቀን እኔ ከልጆቹ ጋር ቀረሁ፣ አንድ ቀን እህቴ። እናቴ ቀረች ከተባለ ራሷ መቅረት ስለፈለገች ነው።

ያጣነውም አለ። ንጎሮንጎሮን አላየንም። ወንድሜ እስከ ዛሬ ይቆጨዋል፤ ልክ ነው። ወደ 19 ኪሎ ሜትር የሚሰፋ እሳተ ገሞራ የፈጠረው ጎድጓዳ፣ ወለሉ ሙሉ እንስሳ፣ ማን አይቆጨውም? አውራሪስ የማየት ዕድላችን እዚያ ነበር። ግን ሎጆቹ ያሉት ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። ሌሊቱ ይበርዳል፤ የእናቴ መተንፈሻም ጤነኛ አይደለም። አመዛዘንነው፣ ተውነው።

«ልጆቹ ትንሽ ይደጉ» የሚል ሰው ይገጥማችኋል። ቆጥራችሁ መልሱለት። ስድስት ዓመቷ ልጅ 12 ሲሞላት እናቴ 80 ትሆናለች። ልጅ የሚያስታውስበትና አያት መኪና ላይ የምትወጣበት ዘመን አብሮ የሚቆየው ጥቂት ዓመት ነው። ለአንዳንዱ ቤተሰብ አምስት ነው፤ ለአንዳንዱ ሁለት።

አሁን ስለ ኬንያው አምቦሴሊ ፓርክ እያወራን ነው። እዚያ ያሉ የዝሆን ቤተሰቦች ከ1972 ጀምሮ በስም ተመዝግበው ይጠናሉ። ስድስት ዓመቷ ልጅ የትኛዋ አያት እንደሆነች ማወቅ ትፈልጋለች። እናቴም እሺ ብላለች፤ አንድ ካምፕ፣ አምስት ሌሊት፣ ከዚያ በላይ ቦታ ከተጨመረ እንደማትመጣ አስታውቃለች።